ሰው ሁሉ የሚገዛት መኪና

ባለፈው ወር ያገለገለ መኪና ልገዛ ሄጄ ከሻጩ ጋር ሳንግባባ ቀረን። ጥፋቱ የእሱ ነው። ሰውየው መኪናዋን አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ሞተሯንም አሙቆ ነበር የጠበቀኝ። እኔ ደግሞ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ መዳፌን ኮፈኖዋ ላይ አሳረፍኩና «በል ደህና ሁን» አልኩት።

«እንዴ እህቴ! ገና ሳታስነሺያት?»

«አንተ አስነስተሃታል።»

«እንዳትቸገሪ ብዬ ነዋ!»

«እንዳልቸገር ሳይሆን ሳትሞቅ ስትነሳ እንዴት እንደምትስል እንዳልሰማ ነው።»

ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «መካኒክ ነሽ?» አለኝ። የጥርስ ሐኪም ነኝ ስለው ነገሩ ጭራሽ ተምታታበት።

እውቀቱ የእኔ ሳይሆን የአያቴ፣ የአባቴ አባት ነው። አስተማሩኝ ብል ግን ውሸት ይሆናል። ስምንት ዓመቴ ላይ፣ ሰባት እሁድ በተከታታይ መኪና ሲፈትሹ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ፣ በቃ። ሰባቱንም እሁድ ምን እየተደረገ እንደሆነ የገባኝ ነገር አልነበረም። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ መንገደኛው ሳይቀር ያወቀውን ጉዳይ እኔ ብቻ በገዛ ራሴ መንገድ ተርጉሜ ይዤው ነበር። ዛሬ ሳስበው ግማሹን ጊዜ ያስቀኛል፤ ግማሹን ጊዜ «ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» እያልኩ ደሜ ይፈላል። መልሱንም አውቀዋለሁ፤ አፌ ወንፊት ነበር።

አያቴ አርባ ዓመት ሙሉ መካኒክ ነበሩ። ዓይናቸው ቀስ በቀስ ደክሞ ደክሞ አንድ ቀን ጭራሽ ጠፋ። ጋራዣቸውን ዘግተው እኛ ቤት መጡ፤ ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ያለችው ክፍል ተለቀቀችላቸው፤ አልጋው ላይ ወጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እንደዞሩ ቀሩ። እናቴ ሾርባ ስትወስድላቸው ሁለት ማንኪያ ይቀምሱና «ጠገብኩ» ይላሉ። እኔ ግድግዳው ላይ አንድ የሚታይ ነገር ያለ መስሎኝ፣ መታጠቢያ ቤት በሄዱበት አልጋቸው ላይ ወጥቼ ፈልጌአለሁ። ኖራ ብቻ ነበር። እንግዲህ ትልቅ ሰው የሚገባው ዓይነት ኖራ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ያን ሰሞን የመጣችው ነርስ ለወላጆቼ የነገረቻቸውን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። «በሽታ የለባቸውም» ብላለች። «ግን ከአልጋ የሚያስነሳቸው ነገር ካልተገኘ ብዙ አይቆዩም።»

አባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። የዓለምን ወንዞች በሙሉ ከምንጫቸው እስከ መድረሻቸው በቃሉ ይወጣቸዋል፤ የመኪና መሪ ግን ነክቶ አያውቅም፤ አውቶቡስ እንኳ ሆዱን ያገላብጠዋል። አያቴ ልጃቸው ጋራዡን እንዲወርስ ይፈልጉ ነበር፤ ልጃቸው ደግሞ የዘይት ሽታ ሲሸተው ከቤት ይጠፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላም ናቸው፣ ግን የሚያወሩት ስለ ዝናብ ብቻ ነው። ዝናብ በሌለበት ወር ጸጥታ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ነበር አንድ እሁድ ጠዋት በአያቴ ክፍል በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን የጠራረገው።

«አባባ፣ መኪና ልገዛ አስቤአለሁ። እንዳልሸወድ እስቲ ይዩልኝ።»

 ግድግዳው ይናገር ይመስል አንድ ድምፅ መጣ፦

«ሞተሩ ጠፍቷል?»

«አሁን ነው የጠፋው።»

«እስኪበርድ ጠብቁ። የሞቀ ሞተር ውሸታም ነው።»

ይህን ብለው እግራቸውን ከአልጋ አወረዱ። እናቴ በፎጣ አፏን ይዛ ቱታቸውን ፍለጋ ሮጠች። እያለቀሰች ነበር። መኪና ልናገኝ ስለሆነ በደስታ የምታለቅስ መስሎኝ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

የምንኖረው በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በመምህራን መኖሪያ ውስጥ ነበር፤ በራችን ሲከፈት ፊት ለፊት የኳስ ሜዳው ነው። መኪናዋ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። አረንጓዴ ናት፤ በጎኗ አጭር፣ በጀርባዋ ሰፊ። አውቃታለሁ፤ የዳቦ ጋጋሪው ናት። በሰፈሩ ሌላ መኪና አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪው ራሱ እጁን በሱሪው ላይ እያበሰ አጠገቧ ቆሟል፤ አያቴ ግን አያውቁትም፤ ከመጡ ጀምሮ ከግድግዳው በቀር የተዋወቁት ሰው አልነበረም።

አያቴ እጃቸው ከመኪናዋ ገላ ሳይነሳ አንድ ዙር ዞሩ። ከዚያ ከኪሳቸው በካልሲ የተጠቀለለች ማግኔት አወጡና በየበሩ ላይ እያስጠጉ ይለቋት ጀመር። ጠቅ ትላለች፤ ትይዛለች። ጠቅ፣ ትይዛለች። የኋላው ግራ በር ላይ ሲደርሱ ማግኔቷ ዝም ብላ መሬት ወደቀች።

«ስቱኮ» አሉ። «ይሄ በር ተጋጭቶ በስቱኮ ተሞልቷል። ማግኔት ብረት እንጂ ሊጥ አይወድም።»

ሊጥ ሲባል ዳቦ ጋጋሪው ክው አለ።

ከዚያ የሾፌሩን በር ከፍተው ተንበረከኩ። «ልጄ፣ ቆጣሪው ስንት ኪሎ ሜትር ይላል?»

«ሠላሳ ሁለት ሺህ» አልኩ።

የፍሬን ፔዳሉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ይሄ ፔዳል እንደ አሮጌ ሳሙና ሟሟል። ቆጣሪ ይዋሻል፤ እግር አይዋሽም።» ምንጣፉን ገልጠው አፍንጫቸውን አስጠጉ። «እርጥበት የለም። ጎርፍ አልገባባትም። ግን ዳቦ ዳቦ ትሸታለች።»

«ቁርሴን መኪና ውስጥ ነው የምበላው» አለ ዳቦ ጋጋሪው። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ጉንጩ ላይ ዱቄት ነበር።

ጎማዎቹን በጥፍራቸው ለኩ፤ የውስጡ ጠርዝ ከውጪው ይልቅ ካለቀ የእግሩ መስመር ተዛብቷል ማለት ነው። የሞተሩን ዘይት በሁለት ጣታቸው መሃል አሽተው አሸተቱት። ሞተሩ ሲነሳ የካቻቪቴውን እጀታ ጆሯቸው ላይ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ ተክለው አዳመጡ። እኔን ከኋላ አቁመው የጭሱን ቀለም ጠየቁኝ። ሰማያዊ ነው ስላቸው «ዘይት ትጠጣለች» አሉ። በመጨረሻ ሊብሬው መጣ፤ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር መመሳሰል አለበት። ከሰው ሁሉ ዓይኔ የተሳለው የእኔ ስለሆነ ሆዴን ኮፈኖው ሥር አጋድሜ የሻንሲውን ቁጥር ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ስምንት፣ ዜሮ፣ ስድስት።

«አትገዛም» አሉ አያቴ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

አባቴ ፊቱ በራ። መኪና አትገዛም የተባለ ሰው ፊቱ ሲበራ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «እሺ አባባ። ለሚቀጥለው እሁድ ሌላ እፈልጋለሁ» አለ። በምሳ ሰዓት አያቴ ሳህናቸውን ጠርገው «ድገሙኝ» ሲሉ እናቴ ጭልፋው ከእጇ ወደቀ።

እኔ በበኩሌ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ መኪና ልንገዛ መሆኑን አወጅኩ፤ ወዲያውም ወንበሮቹን ማከፋፈል ጀመርኩ። የፊቱ የራሴ ነው። የኋላው ለሦስት ጓደኞቼ ተሰጠ። በሳምንቱ ውስጥ ሰው በዛ፤ የኋላው ወንበር ለስድስት ሆነ፤ ላጲስ የነፈገችኝ ልጅ ከመስኮት ዳር ወደ ዕቃ መጫኛው ወረደች፤ ይቅርታ ጠይቃ እስከ መሃል ወንበር ድረስ ተመለሰች። እንዲህ ያለ ሥልጣን ከዚያ በኋላ አግኝቼ አላውቅም።

ሁለተኛው እሁድ ደረሰ። የመጣችው ያችው አረንጓዴ መኪና ናት።

የሆነው ምን መሰላችሁ? አባቴ ሌላ መኪና ሳምንቱን ሙሉ ለምኖ አጥቷል። ቅዳሜ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበው፣ እናቴ፣ አባቴ፣ ዳቦ ጋጋሪውና የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ፣ ያችኑ መኪና እንደ አዲስ ለማቅረብ ተማከሩ። አያቴ የሚያውቁት በእጅ፣ በጆሮና በአፍንጫ ነው፤ ስለዚህ ለእጅ፣ ለጆሮና ለአፍንጫ የሚሆን ማታለያ ተዘጋጀ። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለነበረች ለመቀመጫው ሌላ ጨርቅ ሰፋችለት። የዳቦው ሽታ በሽቶ ተሸፈነ። ክላክሱ ተቀየረ። ዳቦ ጋጋሪው ድምፁ አንድ ጊዜ ስለተሰማ እሱ መኪናዋን በጠዋት አምጥቶ ከአጥሩ ጀርባ ይደበቃል፤ ሻጭ ሆኖ የሚናገረው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ያስቀመጠውን ደንበኛ ሁሉ ድምፅ አስመስሎ ሲያወራ የሚውል ሰው ነበርና ይህን ቀን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረ ይመስላል።

እኔ ግን ዓይኔ እያየ ነው። ያችው መኪና። ያው ፀጉር አስተካካይ፤ በወፍራም ድምፅ «እኔ የእህል ነጋዴ ነኝ፣ አባባ» ይላል። ወደ እናቴ ዞሬ ለምን እንደዚህ እንደሚያወራ ስጠይቃት ሳታስበው «ደላላ ሆኗል፤ ደላላ እንደ ገበያው ነው» አለችኝ። ያኔ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ዳቦ ጋጋሪው መኪናዋን ለእህል ነጋዴ ሸጧል። የእህል ነጋዴው አልተስማማችውም። መልሶ እየሸጣት ነው፤ ደላላውም በባለቤቱ ድምፅ ይናገርለታል። ታዲያ ዳቦ ጋጋሪው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በእሷ ዳቦ የሚያመላልሰው ለምንድን ነው? ይህም አልከበደኝም። ሸጧት ቆጭቶት እየተዋሰ ነው።

አያቴ በር በሩን፣ ጎማ ጎማውን እየዳሰሱ ፈተሹ። «የእህል ነጋዴ ሽቶ ይቀባል እንዴ?» አሉ በመሃል። ፀጉር አስተካካዩ «ሚስቴ ናት» አለ። ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ እኔን ጠሩ። አባቴ መሳል ጀመረ። እኔ የእሱን ሳል ለመብለጥ ይበልጥ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ስምንት፣ ዜሮ፣ ስድስት። ለአፍንጫ ሽቶ ያሰቡ፣ ለመቀመጫ ልብስ የሰፉ ትልልቅ ሰዎች፣ ቁጥሩ እንደማይለወጥ ያስታወሱት ያን ደቂቃ ነው። እንዳላነብ ለመከልከል ደግሞ ምሥጢሩን ሊነግሩኝ ነው፤ ለእኔ መንገር በድምፅ ማጉያ እንደማወጅ ነበር። «ዘጠኝ አሃዝ ማን ያስታውሳል» ተባባሉና ተጽናኑ።

«የራዲያተሩ ቱቦ ደርቋል፤ ሊፈነዳ ነው። አትገዛም» አሉ አያቴ።

በሦስተኛው እሁድ ቱቦው ተቀይሮ መጣች። ዳቦ ጋጋሪው ሞኝ አልነበረም፤ በየሳምንቱ ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ ጉድለቱን ያዳምጥና በሳምንቱ ውስጥ ያስጠግናል። ስቱኮው ተነቅሎ በሩ በብረት ተሠራ። የእግሩ መስመር ተስተካከለ። ጭሷ ጠራ። አያቴም «ይቺኛዋ ካለፈችው ትሻላለች፤ ሰዉ መኪና መያዝ እያወቀ መጣ» ይሉ ነበር።

በሦስተኛው እሁድ ሻጯ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ነበረች። ፀጉር አስተካካዩ የእናቴን ነጠላ ጫማ አድርጎ ኮቴውን ሳይቀር አሳምሮታል። አያቴ ሞተሩን ትተው ወደ ድምፁ ዞሩ።

«ወይዘሮ፣ ድምፅዎን ጉንፋን ይዞታል?»

«ኸረ ተዉት አባባ፣ ሐዘኑ ነው» አለች ሴትዮዋ በቀጭኑ።

አያቴ ወንበር እንዲመጣላት አዘዙ፤ ፍተሻው እስኪያልቅም ሦስት ጊዜ ደህንነቷን ጠየቁ። አባቴ ሳቁን ለማፈን ቤት ገብቶ ትራስ ነከሰ። እኔ ሆዱን አሞት መሰለኝ። በአራተኛው ጡረታ የወጣ መቶ አለቃ መጣ፤ ለተጠየቀው ሁሉ «አዎን ጌታዬ!» እያለ እየጮኸ ውሾቹን ሁሉ አስነሳብን። በአምስተኛው የቀብር አስፈጻሚ፤ መኪናዋም ለዚሁ ሲባል ካምፎር ካምፎር ትሸታለች። በስድስተኛው ሰባት ልጅ ያለው አባት።

እኔ ግን ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። ሰው ሁሉ ይቺን መኪና እየገዛ ይሸጣታል፤ እኛ ብቻ ስንፈትሽ እንቀራለን። ትምህርት ቤት ወንበር የተመደበለት ሰው አሥራ አንድ ደርሷል፤ «መቼ ነው?» ይሉኛል። አንዷ ውሸታም ብላኛለች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ የአያቴ። ስለዚህ በሰባተኛው እሁድ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ክፍላቸው ገባሁ። አልጋው ላይ አልነበሩም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ማግኔታቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ።

«አባባ፣ እባክዎ ነገ ይገዛ ይበሉ።»

«ለምን?»

«ሌላ ሰው ይቀድመናላ! ነጋዴው ገዛት፣ ሴትዮዋ ገዛቻት፣ መቶ አለቃው ገዛት፣ የሬሳ ሰውዬው እንኳ ገዛት! የቀረነው እኛ ነን።»

እጃቸው ቆመ። «አንድ መኪና ናት?»

«አረንጓዴዋ ናታ! ሁሌም እሷ ናት። ወንበሯን ነው እማዬ የምትቀይርላት።»

«ሴትዮዋስ? እንዴት ያለች ሴትዮ ነበረች?»

«ሴትዮዋን አላየኋትም። ደላላው ነው የሚያወራላት፤ ፀጉር አስተካካዩ።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ወገባቸው፤ ከዚያ እንባቸው ወረደ። አመማቸው ብዬ ሮጬ ውሃ አመጣሁ። ውሃውን ግማሹን ደፉት። ጸጥ ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኖ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያዘኑ ይመስለኛል።

«አባትሽ እስከ መቼ ነው ዝም የሚለው?» አሉ።

«ስለምኑ?»

«ስለምንም። በይ፣ ነገ እንገዛታለን። ለማንም እንዳትናገሪ።»

አልተናገርኩም። በሕይወቴ የጠበቅኩት የመጀመሪያው ምሥጢር ነው፤ የጠበቅኩትም ሰው ሰምቶ እንዳይቀድመን ነው።

በሰባተኛው እሁድ ሻጩ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ መሐንዲስ ነበር፤ በአፍንጫው ያወራል። አያቴ መኪናዋን እንደ ወትሮው ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ዳሰሱ። ቁጥሩን አነበብኩ። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው «እንገዛታለን» አሉ።

ለዚህ ማንም አልተዘጋጀም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያሰቡት እንዴት አትገዛም እንደሚባል ነው። መሐንዲሱ ደንግጦ «ምን አሉ?» ሲል የሴትዮዋ ድምፅ ወጣው። ከአጥሩ ጀርባ አንድ ነገር ተገለበጠ።

«አባባ፣ ትንሽ ብናስብበት...» አለ አባቴ።

«ሰባት እሁድ አሰብን። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ያልነዳሁትን መኪና ግዙ ብዬ አላውቅም። ቁልፉን።»

«አባባ፣ እንዴት አድርገው...»

«ሜዳው ባዶ ነው። ልጅቷ ታይልኛለች።»

እምቢ ማለት ይቻል ነበር፤ ግን እምቢ የሚል ሻጭ ምክንያት ሊሰጥ ነው፤ ምክንያቱም ተያይዞ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። አባቴና ፀጉር አስተካካዩ ተያይተው ተያይተው ከኋላ ተሳፈሩ። እኔ ከፊት፣ በራሴ ወንበር ላይ። አያቴ ሞተሩን አስነሱ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጡ፣ ማርሽ አስገቡ፤ መኪናዋም ያለ አንዳች መንገጫገጭ፣ ቅቤ ላይ እንዳለ ቢላ፣ ወደ ሜዳው ሄደች።

«ፊት ለፊት ምን አለ?»

«ሣር።»

«ከሣሩ በኋላስ?»

«ሣር።»

ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ። ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፤ አባቴም በመስታወቱ እያያቸው ነበር፤ እያያቸው ይገረጣል።

«ከኋላ የሚጮኸው ማነው?»

ዞሬ አየሁ። ዳቦ ጋጋሪው ሽርጡን እያውለበለበ ይሮጣል። «ዳቦ ጋጋሪው ነው፣ አባባ።»

«ምን ፈለገ?»

«ሊገዛት ይሆናል! ፈጠን ይበሉ!»

ፈጠን አሉ። ከፊታችን የጎሉ ብረት መጣ። «ጎል አለ» አልኩ። «ይርቃል?» አሉ። ቅድም ይርቅ ነበር አልኩ። ፀጉር አስተካካዩ ስድስቱንም ሻጮች በአንድ ጊዜ ሆኖ ጮኸ። ያኔ አባቴ፣ በትምህርት ክፍል እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው፣ መኪናዋ እስክትንቀጠቀጥ አንባረቀ፦

«አባባ ያቁሙ! የዳቦ ጋጋሪው ናት! የሚሸጥ መኪና የለም!»

አያቴ ፍሬኑን ረገጡ። ከጎሉ አንድ ክንድ ቀርቶን ቀጥ አልን።

«ፍሬኑም ደህና ነው» አሉ። ሞተሩን አጠፉ። «ምን አልክ?»

በጩኸት የተናገሩትን በጸጥታ መድገም ይከብዳል። 

«የዳቦ ጋጋሪው ናት። ሁልጊዜም እሷ ነበረች። እኔ መኪና አልገዛም፤ መንዳትም አልችልም። ግድግዳውን እያዩ... እንዳይሞቱብኝ ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ።

አያቴ መሪውን እንደያዙ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ ቀስ ብለው ቆጠሩ፦ «አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ስምንት፣ ዜሮ፣ ስድስት። ከሁለተኛው እሁድ ጀምሮ አውቃለሁ። ልጅህ ስታነብ አትሳሳትም።»

«ሴትዮዋንም አውቀዋል?» አለ ፀጉር አስተካካዩ በገዛ ድምፁ።

«ለማግባት አስቤ ነበር» አሉት።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለ አባቴ።

«አርባ ዓመት ጋራዥ ስሠራ አንድ ቀን መጥተህ አጠገቤ አልቆምክም። አሁን ሰባት እሁድ ቆምክ። ከተናገርኩ ትቀራለህ ብዬ ፈራሁ።»

ይህን ንግግር ዛሬ ቃል በቃል እነግራችኋለሁ እንጂ ያኔ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። እኔ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መኪናዋ ለሰባተኛ ጊዜ አመለጠችን፣ አባቴም በቁጭት ያለቅሳል።  ወንበሬ ላይ ተንበርክኬ ወደ ኋላ ዞርኩና ጉልበቱን መታ መታ አደረግኩት።

«አባዬ፣ አታልቅስ። የገዛት ሰው ሁሉ ይሰለቻታል። በሚቀጥለው እሁድ ትመለሳለች።»

ዳቦ ጋጋሪው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሲደርስ፣ ሦስት ወንዶች መኪናው ውስጥ ተደፍተው ሲስቁ አገኛቸው። የሞቱ መስሎት ነበር።

«አይ፣ ይቺስ አትመለስም» አሉ አያቴ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ጉድለት አልተረፈላትም። ለሚቀጥለው የማላውቃትን አምጡልኝ።»

ሰኞ አሥራ አንዱንም ሰው ከወንበሩ አስነሳሁ። ከወደቁ መንግሥታት ጋር እንዴት እንደምተዛዘን ያወቅኩት ያኔ ነው። የጎሉ ወሬ ግን ከእኔ ቀድሞ ከተማውን አዳርሶ ነበር፤ ማክሰኞ አንዲት አዋላጅ በራችን ላይ መጥታ፣ የምር መኪና ልትገዛ እንደሆነና እንዳትሸወድ የሚያይላት ሰው እንደምትፈልግ ነገረችን።

እሁድ ግራጫ መኪና መጣች። ሻጩ የማናውቀው ሰው ነው፤ በራሱ ድምፅ ያወራል። አያቴ እጃቸው ከገላዋ ሳይነሳ አንድ ዙር ዞሩ፤ ሁለተኛ ዞሩ። የፊተኛው በር ላይ ቆሙና ጣታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች አመላለሱ።

«ይቺን አላውቃትም» አሉ ደስ ብሏቸው። ከዚያ «ና» አሉ፤ የጠሩት አባቴን ነው። የመዳፉን ጀርባ ይዘው ጣቶቹን በሩ ላይ አሳረፉለት። «ምን ይሰማሃል?»

«ምንም።»

«አትቸኩል።»

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ጣቱ በቀለሙ ላይ ቀስ እያለ ወረደ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና እዚያው ቆመ።

«እዚህ ጋ ትንሽ ይጎረብጣል» አለ።

«እሱ ነው» አሉ አያቴ፤ እጃቸውን ግን ከእጁ ላይ አላነሱም።